በእህቴ መሳቢያ የምኖር ሰው

ፖስታ መክፈት አልወድም። ከመንግሥት የመጣ ከሆነ እፈራዋለሁ፤ ከኢንሹራንስ የመጣ ከሆነ ገና ሳላየው ይደክመኛል። አፓርታማዬን ለቅቄ አርቪ፣ ማለትም ቤት በሆነ መኪና ውስጥ ልኖር ስነሳ ለወዳጆቼ ያወራሁት ስለ ነፃነት፣ ስለ ተራራና ስለ በረሃ ነበር። የልቤን ከተናገርኩ ግን ያስደሰተኝ የደብዳቤ ሳጥን የሌለው ቤት ማግኘቴ ነው።

ለካ አሜሪካ ውስጥ ያለ ቤት መኖር ይቻላል፤ ያለ አድራሻ ግን አይቻልም። መንጃ ፈቃዱ፣ ሰሌዳው፣ ግብሩ፣ የጤና ኢንሹራንሱ ሁሉም የት ነው የምትኖረው ይላል። ባንክማ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻ ቢሰጡት አይበቃውም። የአርቪ ሰዎች ለዚህ መላ ካበጁ ቆይተዋል። ብዙዎቹ ግዛቱ የገቢ ግብር ከማያስከፍልባቸው ከሳውዝ ዳኮታ፣ ከቴክሳስ ወይም ከፍሎሪዳ አንዱን መኖሪያቸው ያደርጋሉ። ደብዳቤያቸውን ተቀብሎ የፖስታውን ፎቶ በስልክ የሚያሳያቸው፣ ክፈት ሲሉት የሚከፍት፣ ላክ ሲሉት ያሉበት ድረስ የሚልክ ድርጅትም ይቀጥራሉ። ሳውዝ ዳኮታ አንድ ሌሊት ካምፕ ወይም ሆቴል ላደረ መንገደኛ፣ ደረሰኙንና የአድራሻ ማስረጃውን ይዞ ከቀረበ፣ መንጃ ፈቃድ ትሰጣለች።

ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማታ እሳት ዳር ተቀምጬ ለአዳዲስ አርቪ ገዢዎች ሳስረዳ ጠበቃ ነው የምመስለው። ራሴ ያደረግኩት ግን የሀበሻ መላ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ ደወልኩና "እቴቴ፣ ደብዳቤዬ አንቺ ጋ ይምጣ?" አልኳት። "ምን ችግር አለው፣ ወንድሜ" አለችኝ። ለደብዳቤ ድርጅት የሚከፈለውን ጥቂት ዶላር በማትረፌ ስኩራራ ሰነበትኩ። ታክስ የሚሠራልኝ ልጅ፣ እግሬ ላልረገጠው ሜሪላንድ የከፈልኩትን የገቢ ግብር እስኪያሳየኝ ድረስ ነው ታዲያ።

እህቴ ላይ ጥፋት የለም። ጨዋ ስለሆነች የሰው ፖስታ አትከፍትም። ኩሽናዋ ውስጥ፣ የበርበሬው ዕቃ ከሚቀመጥበት ሥር ባለው መሳቢያ ታጠራቅምልኛለች። ደውላ "ኧረ አንተ ልጅ፣ ደብዳቤህ በዛ" ስትለኝ "ማስታወቂያ ነው፣ ተይው" እላታለሁ፤ ሳላየው! ከመሃል ማስታወቂያ ያልሆነ ነበር። የገቢ ማስረጃ ላክ፣ አለዚያ ለኢንሹራንስህ የሚከፈለው የመንግሥት ድጎማ ይቋረጣል ይላል። ተቋረጠ። ላኪዎቹ ላይ ልጮህ ተዘጋጅቼ ስደውል፣ ስልኩን ያነሳችው ልጅ ደብዳቤው የተላከበትን ቀን በትህትና አነበበችልኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኔ ሞኝነት ወረቀቱን ጨርሶ አለመያዝ ነው።

ኢንሹራንሱን የመረጥኩበት መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። ዋጋውን ከርካሹ ወደ ውዱ ደርድሬ የመጀመሪያውን ያዝኩ፤ ኤችኤምኦ። ከድንገተኛ ሕክምና በቀር በእህቴ ዚፕ ኮድ አካባቢ ያሉ የኔትወርኩን ሐኪሞች ብቻ ይሸፍናል። እኔ ደግሞ ክረምቱን የምገፋው ኳርትዝሳይት፣ አሪዞና በረሃ ላይ ነው። የኩላሊት ጠጠር እዚያው ያዘኝ። መሬት ላይ ስንከባለል የጎረቤቴ ውሻ እንኳ አዝኖ ዝም አለ። ድንገተኛ ሕክምናን ኢንሹራንሱ የትም ግዛት ቢሆን መሸፈን አለበት፤ ከ2022 ጀምሮም ከኔትወርክ ውጭ ነህ ተብሎ ለድንገተኛ ሕክምና ተጨማሪ ሂሳብ እንዳይላክ የሚከለክል የፌዴራል ሕግ አለ። በዚያ ተረፍኩ። ሕጉ ግን በመኪና የሚመጣውን አምቡላንስ አላካተተም፤ ያ ሂሳብ ለብቻው መጣ፤ መሳቢያው ውስጥ ገባ። ለክትትል የኩላሊት ሐኪም ልይ ስል ኔትወርክህ ሜሪላንድ ነው ተባልኩ። ይህንን ለጠጠሩ ማን ያስረዳው?

አጠገቤ የቆሙት አዛውንት ኦሪጂናል ሜዲኬር አላቸው። የትም ግዛት ይሁኑ፣ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ካገኙ ይታከማሉ። በሽበት እቀናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መኖሪያ ግዛቱን የቀየረና ኢንሹራንስ የነበረው ሰው፣ ከተዛወረ በኋላ አዲስ ለመመዝገብ 60 ቀን ይሰጠዋል። ይህንንም አውቃለሁ። የቀረኝ ፎርም 1583 ነው፤ ከእህቴ ይልቅ የደብዳቤ ድርጅት ደብዳቤዬን እንዲቀበልልኝ ለፖስታ ቤት ፈቃድ የምሰጥበት። ሁለት መታወቂያ ይዞ ኖተሪ ፊት መፈረም ነው፣ የግማሽ ሰዓት ሥራ።

አርቪ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ግብር የለም ብላችሁ ብቻ ግዛት አትምረጡ። በዚያ ዚፕ ኮድ የሚሸጠው ኢንሹራንስ ከግዛቱ ውጭ ሐኪም እንዳለው አስቀድማችሁ እዩ። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ አድራሻ በቀየራችሁ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ ግዴታችሁ ነው። ምክሬን ስሙ፣ እኔን ግን አትከተሉ፤ ፎርሙ ታትሞ መሪው አጠገብ ተቀምጧል፣ እስካሁን አልፈረምኩትም።