አንድ በር ብቻ ስጡኝ!

እኔ እኮ ብዙ አልጠየቅሁም፤ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዋንዛ በር ስጡኝ ነው ያልኩት። የለም! ድሮ ማገዶ ይሆን የነበረውን ዛሬ ሆቴሎች ገዝተው ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል። ከኋላው ጓዳ የለ፣ ደጅ የለ! እንግዳው ፎቶ ይነሳበታል። በመጨረሻ አንዲት ባልቴት ሸጡልኝ፤ ያውም የሠርጋቸውን ታሪክ እስከ ሦስተኛው ቡና ካዳመጥኩ በኋላ።

ይህ ሁሉ ጣጣ ከባሕር ዳር ዘጌ ለምትመላለስ ጀልባ ነው። ወለሏ በሰበሰ። ባለቤቱ የእህቴ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ኮምፔንሳቶ ብናነጥፍስ?» አለኝ። ውሃ ሲነካው እንደ ሽንኩርት የሚላጠውን! ባሕር ዛፍ እንዳልል እርጥቡን ሰንጥቀው ይሸጡታል፤ ማታ ቀጥ ብሎ ያደረው ጠዋት ተጣሞ ይጠብቅሃል። ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ደግሞ የ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ አይቆረጡም ብሎ ነበር። ደግ አደረገ። በሩ ግን ከእኔ በፊት የደረቀ ነው፤ ከእንግዲህ ወዴት ይጣመማል?

ብቻ ምስማሩ! ተሰብሮ ውስጥ የቀረውን በማግኔት እየዳበስኩ በጉጠት እነቅላለሁ። አንዱ ካመለጠኝ የመላጊያዬን ስለት ይበላዋል፤ ያን ጊዜ ጎረቤት ልጆቹን ወደ ቤት ያስገባል።

ልኩን ከአሮጌው ወለል ልወስድ ብሄድ፣ ቡና አፍልተውበታል! ልኬን አቃጥለው ጠጡት። ወገቤን ይዤ ጀልባዋ ውስጥ እየተንበረከክሁ በካርቶን ለካሁ፤ ወደ አፍንጫዋ እየጠበበች ስለምትሄድ አንዱ ጣውላ የሌላውን ቦታ አይተካም። ስለዚህ በየሆዳቸው ቁጥር ጻፍኩ። ቀዛፊዎቹ ግን አዘበራርቀው ይመልሱትና «ሽማግሌው አይኑ ደክሟል» ይላሉ።

«ክፍተት ተውክ እኮ!» አለኝ ደግሞ የእህቴ ልጅ። አዎ ተውኩ! እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ መላወሻ ካጣ ተገፋፍቶ ይነሳል። ከስሩ የሚጠራቀመው ውሃ እንዲቀዳም ወለሉ መነሳት አለበት፤ አግዳሚዎቹን በናስ ብሎን ያሰርኩት ከጣውላው ጋር ብቻ ነው፣ ከጀልባዋ ጋር አይደለም። ታንኳ ይህ ሁሉ የለበት፤ ደንገሉ ሲርስ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ሥልጣኔ ያ ነበር።

የተልባ ዘይት አጠጥቼ አስረከብኩት። አሁን ደግሞ እንዲያበራ ቫርኒሽ ካልተቀባ ይላል! እግሩ የራሰ ተሳፋሪ ተንሸራቶ ጣና ውስጥ ሲገባ ያበራለታል። የቫርኒሹን ቆርቆሮ አልጋዬ ስር ደብቄዋለሁ።