በሩ ስለማይከፈተው መኪና፦ ለኢንሹራንሱ የካሣ ክፍል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የካሣ ክፍል ኃላፊ
ሎስ አንጀለስ

ጉዳዩ፦ 80 በመቶ ጥፋተኛ ስለተባልኩ ምስጋና ስለማቅረብ

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ሰላምታው በእናንተው ስሌት ተቀናንሶ ነው የተላከው፤ 80 በመቶውን ለራሴ አስቀርቼ 20 በመቶው እንዲደርሳችሁ አድርጌያለሁ። አነሰን ካላችሁ ይግባኝ ማለት መብታችሁ ነው። ይግባኙን የማየው እኔው ራሴ ነኝ፤ ይህንን አሠራር የተማርኩት ከእናንተ ነው።

በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አትቁጠሩብኝ። በላካችሁልኝ የውሳኔ ደብዳቤ ግርጌ ላይ፣ አጉሊ መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል፣ በቋንቋዎ እናስተናግድዎታለን የሚል ቃል አይቼ ነው። የድርጅታችሁን ስምም አልጠራም። እናንተ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ ሌላው ሞተረኛም የየራሱን ኢንሹራንስ ስም ያስገባበታል።

ደንበኛችሁ ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ ሊጠፋባችሁ ይችላልና ላስታውሳችሁ። ከሥራ ወጥቼ በ10 ቁጥር ፍሪዌይ ወደ ፌርፋክስ መውጫ እየሄድኩ ነበር። ፍሪዌዩ ፓርኪንግ የሚሆንበት ሰዓት ነው። መኪኖቹ ቆመዋል። ሰዉ ስልኩን ያያል፤ አንዷ በስፖኪዮዋ ቅንድቧን ትኳላለች። እኔ በአንደኛውና በሁለተኛው ሌን መሃል፣ ሕጉ በሚፈቅድልኝ ክፍተት፣ እግሬን ለማውረድ በተዘጋጀሁበት ፍጥነት አልፋለሁ። ከፊቴ የአንድ ነጭ መኪና በር ተከፈተ። ደንበኛችሁ ከጠጡት ቡና የተረፈውን በረዶ አስፋልቱ ላይ ሊደፉ ፈልገው ነው። በረዶው ተደፋ፤ እኔም ተደፋሁ።

የግራ እጄ አንጓ ተሰበረ። ስፖኪዮው ተነቀለ፣ የፍሪሲዮኑ እጀታ ተጣመመ፣ ፍሬቻው የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም። ደንበኛችሁ ባዶ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ወርደው «ከየት መጣህ?» አሉኝ። ከኋላ ነው የመጣሁት። በፍሪዌይ ላይ ሌላ መምጫ የለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው የመንገድ ዕጣ ነው፤ በማንም ሊደርስ ይችላል። የእናንተ ውለታ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው።

ቃሌን ልትቀበሉ ወደ ቢሮአችሁ ጠራችሁኝ፤ እጄን በጄሶ አንጠልጥዬ መጣሁ። አድጀስተራችሁ፣ ማለትም ጉዳት ገማቹ፣ ሸሚዙ ልቅም ተደርጎ የተተኮሰ፣ ትሑት ወጣት ነው። የስብሰባ ክፍሉ ስለተያዘ አደጋው እንዴት እንደደረሰ እዚሁ እንይ ብሎ ወደ እንግዳ መቆያው ጥግ ወሰደኝ። እዚያ ለሕፃናት መጫወቻ የተነጠፈ ምንጣፍ አለ። ከነቤቱ፣ ከነትምህርት ቤቱ፣ ከነእሳት አደጋ ጣቢያው የከተማ መንገድ ተስሎበታል። ፍሪዌይ ግን የለበትም። ስለዚህ አድጀስተራችሁ ትንሽ አስቦ በዳክዬዎቹ ኩሬና በእሳት አደጋው ጣቢያ መካከል ያለውን መንገድ 10 ቁጥር ፍሪዌይ እንዲሆን ሾመው።

የመጫወቻ መኪኖቹን የሰበሰበው አራት ዓመት ከሚሆነው አንድ ልጅ እጅ ነው። ልጁ የያዝኩት ነው ብሎ አለቀሰ። አድጀስተራችሁ ወዲያው ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ከረሜላ አመጣለትና ልጁ ዝም አለ። ልብ በሉልኝ፤ ያ ልጅ ላጣው ንብረት ካሣ ተከፈለው፣ ሙሉ በሙሉ፣ መቶ በመቶ፣ ቅጽ ሳይሞላ። ቢሮአችሁ መክፈል እንደሚችል በዓይኔ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የደንበኛችሁን መኪና ቦታ አንዲት የፖሊስ መኪና ያዘች። በአጠገቧ አንድ ጎማዋ የወለቀ አምቡላንስ ቆመች። ሞተር ሳይክል ስላልተገኘ ደግሞ የእኔን ቦታ የተቀረጠመ የብዕር ክዳን እንዲይዝ ተወሰነ። ማን እንደቀረጠመው አልጠየቅኩም። «እስቲ ተንበርከክና ራስህን በመጣህበት ፍጥነት ግፋው» ተባልኩ። ሚስት ያለኝ፣ ግብር የምከፍል፣ ጢሜ የሸበተ ሰው ነኝ። በአንድ እጄ ጄሶውን አቅፌ፣ በሌላው የብዕር ክዳን እየገፋሁ በዳክዬዎቹ ዳር አለፍኩ። ስልኩ ምንጣፉ ላይ ተቀምጦ ድምፃችንን ይቀዳል።

«በስንት ፍጥነት ነበር?»

«በ10 ማይል አካባቢ።»

«የፍጥነት ቆጣሪህን አይተኸዋል?»

«አላየሁም፤ ዓይኔ መንገዱ ላይ ነበር።»

«ስለዚህ ፍጥነትህን አታውቅም» ብሎ ጻፈ።

አይቼዋለሁ ብል ኖሮስ ብዬ ጠየቅኩት። «ያኔ ዓይንህ መንገዱ ላይ አልነበረም እንላለን» አለኝ። ይህን ሲለኝ ክፋት አልነበረበትም፤ ሥራውን ነው የነገረኝ።

ተንበርክኬ ሳለሁ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት ለራሳቸው ጉዳይ ገቡ። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ከዚህ በላይ እንዳልዋረድ መሬቱ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ፤ መሬቱ ግን ምንጣፍ ነበር። «ልጄ፣ ምን ወድቆብህ ነው? አብሬህ ልፈልግልህ?» ብለው ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ማጎንበስ ጀመሩ። ኧረ በእግዚአብሔር ይተዉ ብዬ ተነሣሁና ነገሩን አስረዳኋቸው። መኪኖቹን አዩ፣ ዳክዬዎቹን አዩ፣ የብዕር ክዳኑን አዩ። ከዚያ «እና በሩን የከፈተው የታለ?» አሉ።

ጥያቄያቸውን ለአድጀስተራችሁ ነገርኩት። የፖሊሷን መኪና አነሣ፣ በጥፍሩ በሩን ሞከረ፣ በሌላው ጎንም ሞከረ። «የዚህ መኪና በር አይከፈትም» አለ። «እሱን እንዝለለው።»

ዘለለውም። በሪፖርታችሁ ላይ ያለው ቃል እንዲህ ይላል፦ ሞተረኛው ከደንበኛችን መኪና በር ጋር ተጋጨ። በሩ እዚያ አየር ላይ የበቀለ ይመስላል። ከፋች የለውም። በረዶም ብርጭቆም የለም። በር አለ፣ እኔ አለሁ፣ ሄጄ ተጋጨሁ።

እዚያው ምንጣፉ ላይ ሳለን ነው አንድ ወረቀት የወጣው። አድጀስተራችሁ ከፋይሉ ውስጥ አንድ ገጽ መዘዘና በቢጫ ቀለም የተሰመረበትን አነበበልኝ፤ ከትራፊኩ ፍጥነት ከ10 ማይል በላይ አትብለጥ፣ ትራፊኩ በሰዓት 30 ማይልና ከዚያ በላይ ሲሄድ መሃል አትግባ። «ይፋዊውን የደኅንነት መመሪያ ጥሰሃል» አለኝ። መኪኖቹ ቆመው ነበር፣ እኔም በ10 ማይል ነበርኩ፤ በወረቀቱም ቢሆን ምን አጠፋሁ አልኩት። «አካባቢ ብለሃል» አለ። «አካባቢ 11ንም ይጨምራል።»

ስለዚያ ወረቀት ላጫውታችሁ። ቢሮአችሁ ውስጥ ሞተር የሚነዳ ሰው ቢኖር ሳይነግራችሁ አይቀርም ነበር። የካሊፎርኒያ ሀይዌይ ፓትሮል፣ የግዛቲቱ የመንገድ ፖሊስ፣ እነዚያን ቁጥሮች ያወጣው በ2013 ነው፤ እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር። አንድ ዜጋ ፖሊስ ሥርዓቱን ሳይከተል ደንብ አወጣ ብሎ አቤት አለ፤ የግዛቲቱ የአስተዳደር ሕግ ቢሮ ጥያቄውን ሲያነሣ ፖሊስ መመሪያውን በ2014 ከድረ ገጹ አወረደው። እናንተ በቢጫ ያሰመራችሁበት ወረቀት ባለቤቱ ራሱ የጣለው ወረቀት ነው።

በ2016 አገረ ገዢው ጄሪ ብራውን የፈረሙት ሕግ፣ ዛሬ በተሽከርካሪ ሕጉ 21658.1 ተብሎ የተቀመጠው፣ በመኪኖች መሃል ማለፍ ምን እንደሆነ ተርጉሞ ለፖሊስ የማስተማሪያ መመሪያ እንዲያዘጋጅ ሥልጣን ሰጠ። ረቂቁ ሲጀመር የፍጥነት ገደብ ነበረበት፤ ሲጸድቅ ቁጥሩ ወጥቷል። በ2018 የወጣው የፖሊስ ምክርም ቁጥር የለውም። ፍጥነት ሲጨምር አደጋ ይጨምራል፣ ከትልልቅ መኪኖች አጠገብ አትሂድ፣ በግራ ጠርዝ ባሉት ሌኖች መካከል ይሻላል፣ ታይ ይላል። በግራ ጠርዝ ባሉት ሌኖች መካከል ነበርኩ፤ ያንንም ዘለላችሁት።

ቁጥር ካማራችሁ የበርክሊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2015 ያወጡት አለ። አደጋ የደረሰባቸው 5,969 ሞተረኞች ተጠንተው፣ 997ቱ በአደጋው ጊዜ በመኪኖች መሃል እያለፉ ነበር። ከነዚህ የጭንቅላት ጉዳት የደረሰባቸው 9 በመቶ ናቸው፤ ከቀሩት 17 በመቶ። ተመራማሪዎቹ ትራፊኩ ከ50 ማይል ካልበለጠና ሞተረኛው ከትራፊኩ በ15 ማይል ካልቀደመ ነገሩ በአንጻራዊነት አደገኛ አይመስልም ብለዋል። ይህ ጥናት እናንተ ዘንድ አልደረሰም። የተጣለው ወረቀት ግን ደርሷል። የፖስታ ችግር ይሆናል።

ከሁሉ የገረመኝ መመሪያችሁ አንድ ዓይና መሆኑ ነው። ያው ፖሊስ ለባለ መኪኖችም ተናግሯል፤ ሞተረኛን ሆን ብሎ መዝጋት ሕገ ወጥ ነው፣ ለመከልከል በር መክፈትም ሕገ ወጥ ነው ብሏል። የተሽከርካሪ ሕጉ 22517 ደግሞ ሆን ተብሎም ባይሆን ትራፊክ ወዳለበት በኩል በር ከመክፈትህ በፊት ደህና መሆኑን እይ ይላል። ምክር አይደለም፣ ሕግ ነው። በአድጀስተራችሁ ፋይል ውስጥ ግን አልነበረም። ለተመታው ምክሩ ሕግ ሆነበት፤ ለመታው ሕጉ ምክር እንኳ አልሆነም።

ጥፋትን በመቶኛ ማካፈል በዚህ ግዛት ከ1975 ጀምሮ ያለ ነገር ነው። ከዚያ በፊት ተጎጂው ጥቂት ጥፋት ከተገኘበት ባዶ እጁን ይሄድ ነበርና ለተጎጂ ታስቦ የመጣ ነው። እናንተ ለተጎጂ የታሰበውን አንሥታችሁ ተጎጂን ቀጠቀጣችሁበት። 80 የመጣው ከየት ነው? ማን ለካው? ሦስት ጊዜ በስልክ ጠይቄ፣ ሦስት ጊዜ በሙዚቃ ታግቼ፣ የተሰጠኝ መልስ «በተሞክሯችን መሠረት» የሚል ነው። የማን ተሞክሮ? አስፋልቱ ላይ የወደቅኩት እኔ ነኝ! አጥንቴ ነው የተሰበረው፤ ፕላስቲክ አይደለም፣ የብዕር ክዳንም አይደለም! በአንድ እጅ ሸሚዝ መቆለፍ ሞክረህ ታውቃለህ? ሚስትህ ምግብ ቆርሳ ስታጎርስህ፣ ጉርሻ ሳይሆን ሕክምና ሲሆን፣ ታውቀዋለህ? አንተ ሰውዬ... ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። እርስዎ ማለቴ ነው። ሰላምታዬ ላይ ያስቀረሁት 80 በመቶ አንዳንዴ እንዲህ ያመልጠኛል።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ሳይክሎችን ስታግድ ብዙ ሰው አጉረምርሟል፤ እኔም ከሩቅ አጉረምርሜያለሁ። ቢያንስ ግን ፊት ለፊት ነበር። እናንተ ይፈቀዳል ብላችሁ ታሳልፉናላችሁ፤ ስንወድቅ ማን አሳለፈህ ትላላችሁ።

ሞተር የምትነዱ ወገኖቼ ይህን ካነበባችሁ አንድ ነገር ያዙልኝ። የመታችሁ ሰው ኢንሹራንስ በቴፕ ቃላችሁን ልቀበል ሲላችሁ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «አካባቢ» የምትለዋን ቃል ደግሞ ከአፋችሁ አታውጡ።

ለእናንተ፣ የተከበሩ ኃላፊ፣ የማሳውቃችሁ የሚከተለውን ነው። 20 በመቶውን ቼክ መልሼዋለሁ። ሕጉ እናንተን በቀጥታ እንድከስ ስለማይፈቅድልኝ በደንበኛችሁ ላይ በአነስተኛ የገንዘብ ክርክር ችሎት ክስ አቅርቤያለሁ። ችሎቱ ለግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ያያል፤ የእኔ ከዚያ በታች ነው። በዚያ ችሎት ጠበቃ ተወክሎ አይቆምም። ስለዚህ በሩን የከፈቱት ሰው ራሳቸው ቀርበው ለዳኛው ይናገራሉ። መጥሪያው ሲደርሳቸው እንዳይቀሩ ንገሩልኝ።