ኳሷን ላስጣላችሁልን ሁሉ

ለቅሶ የደረሰ፣ ድንኳን የተከለ፣ ከሩቅ አገር ደውሎ ያጽናና ሁሉ በጋዜጣ ይመሰገናል። እኛ ቤት ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። የተቀበረው የልጄ የቅርጫት ኳስ ችሎታ ነው። ብዙም አልታመመ፣ ብዙም አላስቸገረ። ነገር ግን የደብረ ብርሃን ጎረቤት፣ የአንኮበር ዘመድ፣ ትምህርት ቤቱና ቢሮው ቀብሩ ላይ እንዲህ ተረባርቦ እያለ እናትየዋ ዝም ብል ውለታ ቢስ እባላለሁ።

ሟችን ለማታውቁት የሕይወት ታሪኩን ላንብብ። የተወለደው አንኮበር፣ እናቴ ግቢ ውስጥ ነው። ልጄ ክረምቱን እዚያ ስትከርም የአጎቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ያመጣውን ኳስ ጥሎላት ሄደ። አንኮበርን የረገጠ ያውቃል፤ ለጥ ያለ ነገር ቢኖር ምጣድ ብቻ ነው። የእንግሊዙ ካፒቴን ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1841 ያንን ዳገት ከአልዩ አምባ ሽቅብ የወጣው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ ለመቅረብ ነበር። የእኔ ልጅ ደግሞ ኳሷ ካመለጠቻት ያንኑ ዳገት ቁልቁል ወርዳ አልዩ አምባ ገበያ ውስጥ መፈለጓ ነው። ስለዚህ አታመልጣትም። አሰልጣኞች ድሪብል የሚሉትን ነገር እሷ የተማረችው ገደል ፈርታ ነው። በግራ እጇ ኳስ እያነጠረች በቀኟ ከተሰጣው ገብስ ላይ ዶሮ ታባርራለች፤ ዓይኗ ዶሮዎቹ ላይ እንጂ ኳሷ ላይ አልነበረም። ይህ ከባድ ነገር መሆኑን የነገረኝ ሰው የለም፤ ሁሉም ልጅ የሚያደርገው መስሎኝ ገብሱን እንዳታስበላ ብቻ እቆጣት ነበር።

ያደገው ግን ደብረ ብርሃን ነው፤ ብርድ ልብስ ፋብሪካ የተተከለባት ከተማ። ቅርጫት ኳስን ጄምስ ኔይስሚዝ የተባለ መምህር እ.ኤ.አ. በ1891 አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ላይ የፈጠረው፣ በእኛ አጠራር ወወክማ በሚባለው ማኅበር ትምህርት ቤት ሲያስተምር፣ ክረምቱ ጠንክሮ ተማሪዎቹ ደጅ ወጥተው መጫወት ስላቃታቸው ነው። የኮክ ቅርጫት ሰቀለና ኳስ ወርውሩበት አላቸው። ብርድ የወለደው ጨዋታ ነው ማለት ነው። መመዘኛው ብርድ ቢሆን ኖሮ ዋንጫው ከደብረ ብርሃን ባልወጣ። እኛ ግን ለብርድ ሌላ መላ አለን፤ ተከናንቦ መቀመጥ።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሲጥል ኳስ ትሞታለች። ውስጧ ያለው አየር ይኮማተርና መሬት ላይ ስትጥላት ዱብ ብላ ትቀራለች። ልጄ ይህን ማንም ሳያስተምራት ደርሳበት ኳሷን ብርድ ልብስ ውስጥ አቅፋት ታድር ነበር፤ ማለዳ ሌላው እጁን እፍ እፍ ሲል እሷ ሞቅ ያለች ኳስ ይዛ ትወጣለች። የኳሷ ቆዳ ሲላጥ ጎሚስታው ጋ እንወስዳታለን። “እትዬ፣ ይቺን ኳስ ከዚህ በላይ ከምለጥፋት መኪና ቢገዙላት ይቀልዎታል” ይለኝ ነበር፤ ገንዘብ ግን ተቀብሎኝ አያውቅም። የትምህርት ቤቱ ቀለበት መረብ ስላልነበረው የማዳበሪያ ጆንያ ተርትራ መረብ ሠራችለት። ምን ያደርግልሻል ብላት “እማዬ፣ ሿ ሲል ካልሰማሁ የገባ አይመስለኝም” አለችኝ። በልብስ ሰፊ ሜትር ቀለበቱን ለካችው፤ ከመሬት 3.05 ሜትር መሆን አለበት፣ ልክ ነው። ከሰሌዳው እስከ ነፃ ውርወራው መስመር 4.60 ሜትር፣ እሱም ልክ ነው። ከዚያ መስመር ቆማ ከአሥር ሰባቱን ታስገባለች።

የሕይወት ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ ምስጋናው።

በቅድሚያ ቁመቷን ለልማት ላዋላችሁ ጎረቤቶቼ። አምፖል በተቃጠለ ቁጥር፣ ቁም ሣጥን ላይ የተረሳ ሻንጣ በተፈለገ ቁጥር ልጄን ጠርታችኋታል። ቀውላላዋ፣ የመብራት እንጨቷ እያላችሁ ስም አውጥታችሁላታል፤ ሠርግ ላይ ፎቶ ስንነሣ ከኋላ አቁማችኋታል። እናቴ ግን ከሁላችሁም ትበልጣለች። “ልጄ፣ ሴት ልጅ እንዲህ ተሰቅላ ማን ደርሶባት ያገባታል? ጎንበስ ማለት ልመጂ እንጂ” ብላ በየክረምቱ መከረቻት። ጎንበስ ማለት ሜዳ አይፈልግ፣ አሰልጣኝ አይፈልግ፣ በጀት አይፈልግ፤ በአገራችን ከሕፃን እስከ ሽማግሌ የሚዘወተር ስፖርት እሱ ነው። ልጄ ዛሬ ከራሷ በላይ በሚሆን በር እንኳ አንገቷን ሰብራ ነው የምትገባው። ልፋታችሁ ፍሬ አፍርቷል።

ቀጥሎ ስሙን የማልጠራው ትምህርት ቤት። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ነው፤ ለሁለት ቅርጫት ብቻ ይህን ያህል መሬት ማባከን እንዳልተዋጠላቸው ገና ከጅምሩ ያስታውቁ ነበር። መጀመሪያ የስብሰባ ታዳሚ መኪና ቆመበት። ከዚያ ለአጥር የመጣ አሸዋና ጠጠር ተራገፈበት፤ አጥሩ አለቀ፣ ጠጠሩ ቀረ። በመጨረሻ የውስጥ ገቢ የሚባለው ነገር መጣና ግማሹ ሜዳ ለሱቅ ተከራየ። አንደኛው ሰሌዳ ዛሬ የፎቶ ኮፒ ቤት የጀርባ ግድግዳ ነው፤ ቀለበቱ ላይ ካልሲ ይሰጣበታል። ልጆቹ አቤት ሲሉ “በአንድ ቅርጫትም መለማመድ ይቻላል” የሚል መልስ ተሰጣቸው። ሰው ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ሦስት ለሦስት የሚባለው በግማሽ ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ውድድር ሆኖ የለ? እኛ ሳናውቀው ከኦሎምፒክ ኮሚቴ ጋር እኩል እየተራመድን ነበር። ሦስቱ ልጆች ካልሲው እንዳይወድቅ መጠንቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው።

ስለ ጫማው ያላመሰገንሁት ቢሮ እንዳይቀየመኝ። ልጄ 43 ቁጥር ጫማ ነው የምታደርገው፤ ከሳልቫጅ ተራ ስናገኝ ቀኙ ይገኝና ግራው ይጠፋል። ልጄ ለምትጫወትበት ቡድን ጫማ ይገዛ ብለን ስንጠይቅ አንድ ኃላፊ ወንበራቸውን ወደ ኋላ ለጠጥ አድርገው “አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ነው ሮም ላይ ያሸነፈው፤ ለዚያውም የዚሁ የእኛ አገር ልጅ” አሉን። ልክ ናቸው። አበበ የጃቶ ልጅ ነው፤ የሰሜን ሸዋ አፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ቶኪዮን የሚያነሣ ቢሮ ግን ገጥሞኝ አያውቅም። ቶኪዮ ወጪ አለው፤ ጫማ አለበት፣ ሐኪም አለበት፣ ዓመቱን ሙሉ ከጎኑ የማይለይ ኦኒ ኒስካነን የሚባል አሰልጣኝ አለበት። ሮምም ላይ ያው አሰልጣኝ ነበረ፤ ግን ፎቶው ላይ የሚታየው እግሩ ብቻ ስለሆነ የወረስነው እግሩን ነው። ቢሮው ውስጥ ያን ፎቶ ሰቅለውታል። ይህን ያሉን ኃላፊ ጫማቸው የጣሊያን ነበር።

ቡድኑ ወደ ተሳተፈበት ውድድር ልምጣ። መንገድ በጸጥታ ምክንያት የተዘጋባቸውን፣ ትምህርት ቤት የተፈናቀለ ሰው የተጠለለባቸውን ጊዜያት አላነሣም፤ በዚያ የማሾፍበት አንደበት የለኝም። የማመሰግነው መንገዱ ክፍት፣ ሰዉም ደኅና በነበረበት ጊዜ ለተሠራው ሥራ ነው። ቡድን መሪ፣ ምክትል ቡድን መሪ፣ አስተባባሪ፣ የአስተባባሪው ረዳት፣ ምንነቱን እስከ ዛሬ ያላወቅሁት አንድ ባለ ኮፍያ ሰውዬ፤ ሁሉም አበል ፈርመው ተሳፈሩ። ልጆቹ የተረፈው ወንበር ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ተጣበቡ። ሲደርሱ እነዚያ ሆቴል፣ እነዚህ ክፍል ውስጥ ዴስክ ገጥመው አደሩ፤ ራታቸው ዳቦ በሙዝ ነው። በማግሥቱ የክብር እንግዳው ዘግይተው መጡ፤ ስፖርት ለጤና፣ ስፖርት ለሰላም፣ ስፖርት ለገጽታ ግንባታ ያለውን ፋይዳ አንድም ሳያስቀሩ ዘረዘሩ። ልጆቹ በውርጩ ቁምጣ ለብሰው ተሰልፈዋል። ንግግሩ ሲያልቅ እንግዳው ሌላ ፕሮግራም ስላለባቸው ጨዋታው በሁለት ኳርተር እንዲያልቅ ተወሰነ። እነዚያ ሁለት ኳርተሮች ልጄ በዕድሜዋ ከተጫወተችው ሁሉ የሚበልጡ ነበሩ። ከመሐል ሜዳ ይዛ ስትነሣ ሦስቱን ግራ አጋብታ አለፈች፤ ዓይኗ ኳሷ ላይ አልነበረም፤ ያን ቀን ዶሮዎቹ ትዝ አሉኝ። ኮከብ ተጫዋች ተባለች። አንገት የማያስገባ ትንሽዬ ቲሸርትና ሰርተፊኬት ሰጧት። ሰርተፊኬቱ ሳሎናችን ተሰቅሏል፤ “በእጅ ኳስ ላሳየችው የላቀ ብቃት” ይላል።

የቤተሰቡን ውለታ ሳልጠቅስ ባልፍ ወንድሜ አይምረኝም። የቤተ ዘመድ ጉባኤ ጠርቶ፣ ቡና አስፈልቶ “ኳስ እንጀራ አይሆንም። አስተማማኙን መንገድ ያዢ፤ ትምህርትሽን” አላት። ሁሉም አዎን አለ፤ አስተማማኝ የሚባል ነገር ማን ይጠላል? አሥራ ሁለተኛ ክፍል በ2015 ዓ.ም. ተፈተነች። በዚያ ዓመት ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.2 በመቶ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዓመትም ያው ነበር፤ 3.3 በመቶ። እንግዲህ ከአሥር ሰባት ከምታስገባበት መስመር አንሥተን ከመቶ ሦስት ወደሚገባበት አሻገርናት፤ አስተማማኝ ብለን። ከመቶ ሦስት የሚያስገባ ተጫዋች ቢኖር ኳስ አቀባይም አያደርጉት። ልጄ ከዘጠና ሰባቱ ጋር ሆነች፤ ወንድሜ “ኳሱ ነው ያዘናጋት” አለ። ኳሷን ከነካች ያኔ ሁለት ዓመት አልፏታል።

አንዳንድ ሰው ደቡብ ሱዳንን ያነሣብኛል። ነጻ የወጡት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በ2024 ለንደን ላይ የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን አስጨንቀው 101 ለ100 በአንዲት ነጥብ ብቻ ተሸነፉ፤ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 ረቱ። የኤንቢኤ ኮከብ የነበረው ሉኦል ዴንግ ከኪሱ እያወጣ ነው ቡድኑን ያቆመው ይላሉ። ይሄ እንግዲህ የችኩል ሥራ ነው። እኛ የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን አባል የሆንነው እ.ኤ.አ. በ1949 ነው፤ በ1962 ካይሮ ላይ የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ሲደረግ ከነበሩት ጥቂት አገሮች አንዷ ነን። ያን ያህል ቀድሞ የተገኘ ሰው ምን ያስቸኩለዋል? “እነሱ እኮ በተፈጥሯቸው ረጃጅም ናቸው” ብሎ የሚያጽናናኝም አለ። ጎንበስ በሉ የሚላቸው ስላጡ ነዋ!

ልጄ ደኅና ናት። መድኃኒት ቤት ተቀጥራለች፤ የላይኛውን መደርደሪያ ያለ መሰላል ስለምትደርስበት ባለቤቱ ይወዳታል። ባለፈው ሰሞን ከአንድ ቢሮ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ መጣላት፤ ለቀድሞ ስፖርተኞች የዕውቅና መርሐ ግብር ስለተዘጋጀ እንድትገኝ ይላል። ዕድሜዋ ገና ሃያዎቹን ጀምሯል፤ የቀድሞ ስፖርተኛ ናት። የሐበሻ ልብስ ለብሳ ለክብር እንግዳው አበባ ትሰጣለች፣ ቁመቷም ስለሚያመች ባነሩን በአንድ በኩል ትይዛለች፣ ለተተኪው ትውልድም ተሞክሮዋን ታካፍላለች። ከታች እንዲህ ተጽፏል፦ “ማሳሰቢያ፦ የመድረክ ፎቶ ስለሚኖር ኳስና የስፖርት ጫማ በራስዎ ወጪ ይዘው እንዲቀርቡ። ግልባጭ፦ ለፋይናንስ ክፍል፣ ለአስተባባሪዎች አበል እንዲዘጋጅ።”