ማየትን ለመደንገግ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የሰማህ ላልሰማው አሰማ!

የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ስለተመዘገበ፤ ሰፈራው፣ ግጦሹና መንገዱ ዋልያውን ገደል ለገደል ስላሳደዱት በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች መዝገብ ስለገባ፤ ከዚያ ለመውጣትም 21 ዓመት ስለፈጀበት፤ ጥበቃና ቱሪዝም ተደጋግፈው እንዲሄዱ ስለታመነበት፤

ይልቁንም አንድ ጎብኚ ስሙ በማይነሳ ሌላ ፓርክ በር ላይ፣ በኪሱ ስላለችው ስልክ የቪዲዮ ካሜራ ክፈል ሲባል፣ ከሰል የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን ነፍቶ ስላለፈ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። «ፓርክ» ማለት ታፔላ የተተከለበት ቦታ ነው።

አንቀጽ 2። የዱር እንስሳት ይጠበቃሉ። ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 3። ስለ ካሜራ።

ሀ) ስልክ ካሜራ አይደለም። ሆኖም ቪዲዮ የሚቀርጽ ስልክ ቪዲዮ ካሜራ ነው። የማይቀርጽ ስልክ የተገኘበት ጎብኚ ዕቃውን ለሙዚየም ያስረክባል።

ለ) ከጀርባው ሦስት ዓይን ያለው ስልክ ለሦስቱም ይከፈልበታል። አንደኛው ዓይን ከተሰነጠቀ፣ መሰንጠቁም በኮሚቴ ከተረጋገጠ፣ ኮሚቴውም ከተሟላ፣ በግማሽ ይታሰባል።

ሐ) ባትሪው የሞተ ስልክ ነጻ ነው፤ ባለቤቱ ፓወር ባንክ ካልያዘ።

መ) ጭላዳ በቂጡ እየተንፏቀቀ ሣር ሲነጭ ቢነሳ እንደ ፎቶ ይቆጠራል። የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ድዱን ካሳየ ግን ትርኢት ስለሆነ የፊልም ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሠ) በዓይኑ ብቻ የሚያይ አይከፍልም። መነጽር ያደረገ «ረ»ን ይመልከት።

ረ) ተሰርዟል፤ ክፍያው ግን ይቀጥላል።

ሰ) መጥረቢያ፣ የከሰል ጆንያ፣ አይሱዙና ሾፌሩ ከዚህ አንቀጽ ነጻ ናቸው። ፎቶ አላነሱም።

ኧረ በስንቱ! ጥበቃው ካርቦኑን አስተካክሎ፣ የጎብኚውን ስም እስከ አያት ጠይቆ ደረሰኝ ሲጽፍ፣ ስንት ዘመን የኖረ ግራር ጥቁር አቧራውን እያራገፈ በአፍንጫቸው ሥር አለፈ። ጎብኚው በጣቱ ቢያሳይ «እሱ እኛን አይመለከትም» ተባለ። የሚያይ ይከፍላል፤ የሚወስድ ጥሩምባ ይነፋል!

አንቀጽ 4። የአካባቢው ነዋሪ ከቱሪዝም ይጠቀማል። ዝርዝሩ በመመሪያ ይወሰናል።

አርቃቂው እዚህ ላይ ሳቁ ጠፋበት። እ.ኤ.አ. በ2016 የጊጭ መንደር ሰዎች ከስሜን ፓርክ ወጥተው ወደ ደባርቅ ወርደዋል፤ ፓርኩ በማግሥቱ ዓመት ከአደጋ መዝገብ ሲፋቅ ከተቆጠሩለት እርምጃዎች አንዱ ይኸው ነበር። እዚያ አገር ባለበቅሎውም ስካውቱም አብሳዩም ሥራ የሚያገኘው ተራ ጠብቆ ነው። ወረርሽኙ መጣ፣ ጦርነቱ ተከተለ፣ ጎብኚ ቀረ። ተራ የሚባለው ነገር ዞሮ አልደርስ አለ፤ በቅሎ ደግሞ ቱሪስት ኖረም አልኖረም ገብስ ትበላለች። የዚያኛውን ፓርክ ከሰል አክሳይም በዚህ አዋጅ መርገም ቀላል ነው፤ ጆንያውን ቢያስቀምጥ ምን ይያዝ? ይህም በመመሪያ ይወሰናል።

አንቀጽ 5። ሳይከፍል ያየ ያየውን ይመልሳል።

አንቀጽ 6። አዋጁ የደረሰኙ ጥራዝ እስኪያልቅ የጸና ይሆናል። አይሱዙው ማታ ባዶውን ሲመለስ የበሩ ሰንሰለት ይነሳለት።