አሥራ ስምንት አሃዝ

ባንክ ቤት ውስጥ ፖሊስ ተጠርቶብኛል የሚለውን ወሬ ከማኅበር የሰማችሁ ካላችሁ፣ እውነት ነው፤ ተጠርቷል። «ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት» ይባል የለ፣ እንግዲህ የሚጨመረውን ከባለቤቷ ስሙት። ነገሩ የጡረታ ነው።

እዚህ እንግሊዝ አገር መንግሥት የሚከፍለው ጡረታ የሚታሰበው ናሽናል ኢንሹራንስ የሚባለው መዋጮ በተሞላባቸው ዓመታት ልክ ነው። ከ2016 ወዲህ በሚሠራበት ሕግ ሙሉውን ለማግኘት በአብዛኛው 35 ዓመት ይጠየቃል፤ 10 ያልሞላለት ምንም አያገኝም። እኔ ደርግ በወደቀ ማግስት ነው ለንደን የገባሁት። የሆቴል አልጋ ሳነጥፍ፣ የሆስፒታል ወጥ ቤት ስሠራ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ከደመወዜ ሲቆረጥ አያለሁና ሁሉም ቦታው ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። ልጄ መዝገቤን በስልኳ ከፍታ ስታሳየኝ ግን መሃል መሃሉ ላይ «ያልሞላ ዓመት» ይላል። የመጀመሪያው ጉድለት በፈረንጆቹ 2007 እናቴን ላስታምም ደሴ ሄጄ የተቀመጥኩበት ነው፤ አስታምሜ፣ ቀብሬ፣ ተዝካሯን አውጥቼ ነበር የተመለስኩት። ሁለተኛው ከ2019 ወዲህ ያለው ነው። ልጄ ነርስ ናት፣ የሌሊት ፈረቃ ትገባለች፤ ሕፃኑን ለባዳ ከምንሰጠው ብዬ ሥራዬን ትቼ እኔ ያሳደግኩበት ዘመን።

የጎደለውን ዓመት በፈቃደኝነት ከኪስ ከፍሎ መሙላት ይቻላል። ወትሮ ወደ ኋላ የሚኬደው ስድስት ዓመት ብቻ ነው። በሕጉ መለወጥ ምክንያት ግን ከ2006 እስከ 2016 ያሉትን ዓመታት እንድንሞላ ተፈቅዶ፣ ቀነ ገደቡም እየተራዘመ ቆይቶ፣ ኤፕሪል 5 ቀን 2025 ሊዘጋ ነበር። የነዚያ ዓመታት ዋጋ ያኔ ለአንዱ 824 ፓውንድ ከ20 ፔንስ ነበር። አንድ ዓመት ሲሞላ ደግሞ ጡረታው በሳምንት እስከ ስድስት ፓውንድ ተኩል፣ በዓመት ወደ 340 ፓውንድ ሊጨምር ይችል ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የከፈሉት ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ዕድሜ ልክ ነው። ይህን ስሰማ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብዬ ተነሳሁ። የዕቁባችንን ዳኛ ለምኜ ተራዬን አስቀደምኩ፤ ጥሬ ገንዘቡን ባንክ አስገባሁ። ለግብር መሥሪያ ቤቱ ደውዬ፣ ሙዚቃቸውን እየሰማሁ ምስር ወጥ ሠርቼ ካወጣሁ በኋላ፣ አንዲት ትሁት ሴት አሥራ ስምንት አሃዝ ያለው የመክፈያ ቁጥር ሰጠችኝ። በቤተ ክርስቲያን ካላንደሩ ጀርባ ጻፍኩት፤ እያንዳንዱን አሃዝ ሁለታችንም ደግመን አነበብነው።

በማግስቱ ነጠላዬን ደርቤ፣ ካላንደሩን ጠቅልዬ ይዤ ባንክ ሄድኩ። ልጄ «እማዬ፣ በስልክ ይከፈላል እኮ» ብላኛለች። ይህን ያህል ገንዘብ ሲሄድ ግን ፊት ለፊት ሰው ማየትና ማኅተም ያለበት ወረቀት መቀበል እወዳለሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስድስት ሺህ ፓውንድ ገደማ መላክ እፈልጋለሁ ስላት ፈገግታዋ ቀነሰ፤ ወደ ውስጥ ይዛኝ ገባች፤ ግድግዳው መስታወት ወደሆነ ክፍል።

«ይህን ክፍያ እንዲከፍሉ የነገረዎት ሰው አለ?»

አለ። የማኅበር ጓደኛዬ ናት የነገረችኝ።

«ቀኑ ሳያልፍ ቶሎ ይክፈሉ ተብለዋል?»

አዎ፣ ከኤፕሪል 5 በፊት።

«በስልክ ያነጋገረዎት ሰው ከመንግሥት ነኝ ብሏል? ቁጥርስ ሰጥቶዎታል?»

ሰጥታኛለች፤ ካላንደሩን ዘረጋሁላት። ሴትዮዋን በአካል አይተዋታል ወይ ስትለኝ አላየኋትም አልኩ። ገንዘቡ ከየት መጣ አለች። እንግዲህ ዕቁብን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ነው። በየወሩ ጓደኞቼ ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ለአንዷ እንሰጣለን፣ ዘንድሮ የእኔን ተራ አስቀደሙልኝ አልኳት። ደረሰኝ አላችሁ ወይ? የለንም፣ መተማመን ነው። ልጅቷ እጄን ያዘችኝ። ዓይኗ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው፤ ምናልባት የራሷን አያት አስባ ይሆናል። ውኃ አምጥታ ሰጠችኝና ወጣች።

ይህን ሥራቸውን ከልቤ አከብራለሁ። በየሳምንቱ የሰው ገንዘብ በስልክ ይዘረፋል፤ ከእኛም መካከል ያጠራቀመውን ሁሉ ያጣ አውቃለሁ። ባንኮቹና ፖሊስ ስምምነት አላቸው፤ ደንበኛው እየተታለለ ነው ብለው ከጠረጠሩ ይደውላሉ፣ ፖሊስ ይመጣል። መጣም። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሬዲዮው የሚንጫጫ ፖሊስ መስታወቱ ክፍል ገብቶ ከአጠገቤ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ቀና ስል ከመስታወቱ ማዶ ወረፋ ላይ የቆመ የሰፈራችን ልጅ፣ የታክሲ ሹፌሩ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። በእጁ «ማዘር፣ ምን ሆኑ?» ይለኛል። እኔም በእጄ ጡረታ ነው ለማለት ሞከርኩ፤ ጡረታን በምልክት እንዴት ይናገሩታል? ሁለት እጆቼን ገጥሜ ጉንጬ ሥር አደረግኳቸው፤ ማረፍ፣ መተኛት ለማለት። እሱ የገባው እጇ ታስሯል ነው። ስልኩን አወጣ። ቤቴ ሳልደርስ የዕቁባችን ዳኛ ጠበቃ ስትፈልግልኝ ነበር።

ፖሊሱ ግን ጨዋ ሰው ነበር። ካላንደሩን አገላብጦ የቅዱሳኑን ሥዕል አየ፣ ቁጥሩን አነበበ፣ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «የጡረታ ማዕከሉን ጠይቀዋል? እናቴ ሳትጠይቅ ከፍላ ጡረታዋ ላይ ምንም አልጨመረላትም» አለኝ። ገንዘብ የሚቀበለው መሥሪያ ቤት አንድ ነው፣ የትኛው ዓመት ይጠቅማል ብሎ የሚነግረው ሌላ። ከ2016 በፊት 30 ዓመት የሞላለት ሰው ከዚያ በፊት ያለ ተጨማሪ ዓመት ቢገዛ ላይጠቅመው ይችላል። ጡረታው አንሶ በፔንሽን ክሬዲት የሚደጎም ሰውም በአንድ እጁ የገዛው በሌላው ሊቀነስበት ይችላል። ክፍያው ታግዶ፣ ካላንደሬን ይዤ ወጣሁ።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ጡረታ ማዕከሉ ላይ ያገኘሁት ሰው መዝገቤን ከፍቶ በትዕግሥት ዓመት በዓመት ሄደ። የደሴዎቹን ሁለት ዓመታት ይግዟቸው፣ ይጨምሩልዎታል አለ። ከዚያ «ከ2019 በኋላ ምን ይሠሩ ነበር?» ሲለኝ ምንም፣ የልጅ ልጅ ነው የማሳድገው አልኩት። «እሱማ አይከፈልበትም» አለኝ።

ይህን ጮክ ብዬ ልናገረው እፈልጋለሁ፤ ስንቶቻችን ሳናውቀው ቀርተናል። ከኤፕሪል 2011 ጀምሮ፣ ጡረታ ዕድሜው ያልደረሰ አያት ወይም የቅርብ ዘመድ፣ ወላጅ ሥራ ላይ ሲሆን ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ከጠበቀ፣ በቻይልድ ቤኔፊቱ፣ በልጅ አበሉ፣ ለወላጅ የሚመዘገበው የናሽናል ኢንሹራንስ ክሬዲት ወደ እሱ ይዞርለታል። ልጄ ከደመወዟ ስለሚቆረጥላት ያ ክሬዲት አያስፈልጋትም፤ በስሟ ተይዞ መዝገብ ላይ ተቀምጦ ነበር። ቅጽ መሙላትና የሁለታችን ፊርማ ብቻ ነው። ሁለት ልጅ ቢጠበቅም በአንድ ቻይልድ ቤኔፊት አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው።

ስልኩ ላይ አለቀስኩ። እናቴን ያጠብኩበት፣ ያገላበጥኩበት ዘመን በገንዘብ ይገዛል፤ ደሴ ስለሆነ፣ ያኔም ሕጉ ስላልነበረ። ይሁን፣ እሱን በደስታ ነው የከፈልኩት። የሕፃኑ ግን ሥራ ተብሎ በመንግሥት መዝገብ መጻፉ፣ ጡት ጠብቶ ያልጠገበ ልጅ ታቅፌ ያደርኩበትን ሌሊት ሁሉ ቆጠረልኝ።

ባንክ ተመልሼ ስሄድ ያችው ልጅ ነበረች፤ ከመሥሪያ ቤቱ የመጣውን ደብዳቤ አይታ የሁለቱን ዓመት ላከችልኝ፣ ማኅተሙንም አደረገችልኝ። ማኅበር ላይ ደግሞ ከእስር መፈታቴን በእልልታ ተቀበሉኝና ነገሩን ሳስረዳቸው መሸ። አንዷ አገሬ ገብቼ ልኑርበት አለች፤ እሷም ልታውቀው የሚገባ አለ። ጡረታው ኢትዮጵያ ድረስ ይላካል፣ ግን በየዓመቱ እዚህ የሚደረገው ጭማሪ ኢትዮጵያ ለሚኖር አይደርሰውም፤ በገባበት ዋጋ ይቆማል፣ እዚህ ተመልሶ እስኪኖር ድረስ። ይህ ልክ ነው ብዬ አላምንም። እኩል ነው የከፈልነው።

የእኔ ጡረታ 67 ዓመቴ ላይ ነው፣ ጊዜ አለኝ። ያለፉትን ዓመታት ቅጽ ልከናል፤ በቅርቡ ያለቀውን የግብር ዓመት ግን የሚቀበሉት ኦክቶበር 31 ካለፈ በኋላ ነው። ኖቬምበር ላይ ማኅበሩ እኔ ቤት ይውላል። የልጅ ልጅ የምታሳድግ ሁሉ የናሽናል ኢንሹራንስ ቁጥሯን ይዛ፣ የምትፈርመውንም ልጇን አስከትላ ትምጣ።