የዶሮ ክንፍ ሥርጭትና መሰወር በሸዋ ሮቢትና በይፋት ቆላ፦ የመስክ ጥናት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ሲኬድ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በይፋት ቆላ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት ያልተጠና ነገር ያላት አትመስልም። ማሾዋ ተጠንቷል። ሽንኩርቷ፣ ትንባሆዋ፣ የሮቢ ወንዝ መስኖዋ፣ ወባዋ ሳይቀር ተጠንቷል፤ ቅጽ ይዞ የመጣ ሁሉ አርሶ አደሩን ጥላ ሥር አስቀምጦ ሲጠይቅ ኖሯል። በከተማዋ ምግብ ቤቶች ምርጡ የዶሮ ክንፍ የት ይገኛል የሚለው ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ባለቤት አላገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የተዘጋጀ ነው።

እንደ ወጉ ቀደምት ሥራዎችን እንቃኝ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ይፋት ሱልጣኔት የጻፈው የማምሉኮች ባለሥልጣን አል ዑመሪ፣ አገሩን በእግሩ ሳይረግጥ ከዚያ የመጡ ሰዎችን እየጠየቀ ነው የጻፈው። ዘዴው ዛሬም ለምግብ ቤቶች ደረጃ በሚያወጡ ሰዎች ዘንድ ይሠራበታል። አል ዑመሪ ብዙ ነገር ዘርዝሯል፤ ጫትን እንኳ አላለፈም። ክንፍን ለእኛ ትቶልናል።

የውጭው ዓለምም ቢሆን ወደ ጉዳዩ የገባው ዘግይቶ ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ቡፋሎ በምትባል ከተማ፣ አንከር ባር የተባለው መጠጥ ቤት ባለቤት ቴሬሳ ቤሊሲሞ፣ በዚያ ዘመን ከሾርባ መረቅ ያለፈ ቁም ነገር የማይሰጠውን ክንፍ በ1964 እ.ኤ.አ. በዘይት ጠብሳ፣ በቅቤና በሚያቃጥል ስልስ ለውሳ አቀረበች ይባላል። ቅቤን ከሚያቃጥል ነገር ጋር ማገናኘቷ እንደ ግኝት ተመዘገበላት፤ ቤቱም የዓለም ጎብኚ የሚጎርፍበት ሆነ። ይፋት ውስጥ ቅቤና በርበሬ ላገናኘች ሴት ሁሉ እንዲህ ያለ ክብር ይሰጥ፣ ሐውልትም ይቁም ቢባል፣ ለማሽላ የሚሆን መሬት ባልተረፈ ነበር።

ከዚህም በላይ የቡፋሎ ሰዎች አቆጣጠር ያጠራጥራል። አንዱን ክንፍ መገጣጠሚያው ላይ ለሁለት ይከፍሉትና ሁለት ነው ይላሉ፤ ጫፉን ይጥሉታል። በዚህ ስሌት ዶሮ አራት ክንፍ አላት ማለት ነው። በእኛ ሙያ ዶሮ 12 ብልት ናት። ፈረሰኛው፣ መላላጫው፣ ቅልጥሙ፣ አንገቱ እየተባለ ሄዶ፣ ክንፍ ሁለት ብቻ ሆኖ ነው 12 የሚሞላው። የቡፋሎን ቀመር ብንከተል 14 ይመጣል። 14 ብልት ያወጣች ሙሽራ በአማቷ ፊት ምን እንደሚደርስባት ለማወቅ ደግሞ ጥናት አያስፈልግም።

ብልቶቹ በማዕረግ እኩል አይደሉም። ፈረሰኛ የአባወራው ወይም የከበረው እንግዳ ነው፤ ክንፍና አንገት የልጅ። ደንቡ የትም አልተጻፈም፤ ከአጣዬ እስከ ሸዋ ሮቢት ግን የሻረው ጓዳ አላየሁም። የበዓል ለት እናት ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ ስትሰድ ቀና ብላ ማን የት እንደተቀመጠ አታይም። ጭልፋው ራሱ ያውቃል። ትልቁን ያወጣና መሶቡ ላይ በአባት ፊት ያሳርፈዋል፤ ተመልሶ ገብቶ ይፈልጋል፣ ወጡን ያማስላል፣ በመጨረሻ ቀጭኗን አጥንት አንጠልጥሎ ጥግ ወደ ተኮለኮሉት ልጆች ይዞራል። ልጁ «እኔ ክንፍ አልፈልግም» ቢል «ክንፍ ብላ፣ ትበራለህ» ይባላል። በልቶ የበረረ ግን እስካሁን አልታየም።

የጥናቱ መሠረታዊ ችግር እዚህ ላይ ነው። ሰው በዚህ አገር ክንፍ የሚበላው መርጦ ሳይሆን ዕድሜው ስላልደረሰ ነው። ምርጫ በሌለበት ደግሞ ምርጥ የሚባል ነገር እንዴት ይገኛል? የቡፋሎው ተመጋቢ ክንፍ ያዘዘው ሌላ ማዘዝ እየቻለ ነው። የእኛው ከፍ ሲል ክንፍን እንደ ቁምጣ ጥሎት ይሄዳል።

ወደ ገበያው እንውረድ። የይፋት ትልቁ ገበያ የሰንበቴው ነው፤ እሑድ እሑድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና ከበረሃው የሚወጣው አፋር ይገናኙበታል። ዶሮ እዚህ ከነነፍሷ ትሸጣለች። ገዥው አንስቶ በእጁ ይመዝናታል፣ ደረቷን ይዳብሳል፣ ላባዋን እፍ ብሎ ቆዳዋን ያያል፣ ዓይኗን ይመለከታል፤ በተለይ ፈንግል ገባ የተባለ ሰሞን ከሐኪም የበለጠ ይመረምራል። ክንፏን ግን የሚጠይቅ የለም። ሻጩ ሁለቱን ክንፎች ጀርባዋ ላይ አጠላልፎ ስላስቀመጣት፣ ክንፍ እስከዚህ ሰዓት ድረስ የሚያገለግለው በገመድነት ነው።

ኢኮኖሚው ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ማሾ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል ደረጃ ወጥቶለት ይሸጣል፤ ሰሊጥም ቡናም እንዲሁ። ክንፍ ደረጃ አንድ ደረጃ ሁለት የሚባል የለውም፤ ለብቻው ዕቃ ስላልሆነ። አሜሪካን አገር ዶሮ በፋብሪካ ተገነጣጥላ ደረቷ ለአንዱ፣ ጭኗ ለሌላው፣ ክንፏ ለሦስተኛው ይሄዳል፤ ስለዚህ አሥር ክንፍ ማዘዝ ይቻላል። ሸዋ ሮቢት ላይ አሥር ክንፍ የሚያዝዝ ሰው አምስት ዶሮ አርዶ፣ ሃምሳ ብልት ለጎረቤት አድሎ ነው የሚበላው። በአንድ ሰው ራት ማኅበር ይወጣል።

ደግሞ የቆላው ዶሮ ሁሉ እዚያው አይቀርም። የበዓል ዋዜማ ነጋዴው ሰብስቦ ወደ ላይ ይጭናል። አጥር መዝለል የከበዳት ዶሮ፣ 1,280 ሜትር አካባቢ ካለችው ሸዋ ሮቢት ተነሥታ ከ3,000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በርን በአይሱዙ ላይ ተቀምጣ ታልፋለች። በታሪኳ እዚህ ከፍታ የደረሰችው ክንፏን ሳትጠቀም ነው። በግጭት ምክንያት መንገዱ በተዘጋባቸው ክፉ ሰሞኖች ደግሞ ዶሮዋም አልወጣችም፣ በላተኛውም አልወረደም፤ ስለዚህ ከነዚያ ወራት የተሰበሰበ መረጃ የለም።

የመስክ ሥራው የተካሄደው አውቶቡስ በሚቆምባቸው ምግብ ቤቶች ነው። ሙቀቱ በረንዳ ላይ ያስቀምጣል፤ ጣሪያው ላይ ቬንትሌተር ይዞራል፤ ረዳቱ «ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ጮኾ ራሱ ለአርባ ደቂቃ ይሰወራል። ተሳፋሪው ከመቀመጡ በፊት ቀና ብሎ በሩ ላይ መስቀል ነው ጨረቃ የሚለውን ያያል። እዚህ ላይ ክንፍ በራሱ ምንም ምልክት እንደሌለው ልብ ይሏል፤ ሃይማኖቱን የሚያገኘው ከቢላዋው ነው። ቢላዋውን የሚይዘውም ወንድ መሆን አለበት። በበዓል ዋዜማ በየሠፈሩ ከሚታዩት ነገሮች አንዱ፣ በአንድ እጇ ዶሮ በሌላው ቢላዋ ይዛ ደጃፍ ላይ የቆመች ሴት ናት፤ የሚያልፈውን ሁሉ «ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ባርክልኝ» ትለዋለች። ዶሮዋን ያሳደገችው እሷ፣ የምትገነጥለውም የምትሠራውም እሷ፤ የአንድ ደቂቃው ሥራ ብቻ ለማያውቃት መንገደኛ ይሰጣል። እሱም ኮራ ብሎ ይሄዳል።

አስተናጋጇን «ክንፍ አለ?» አልኳት።

«ዶሮ ወጥ አለ ጋሼ።»

«ከዶሮ ወጡ ክንፉን ብቻ።»

ጥቂት አሰበች። ከጎኔ ያለውን ባዶ ወንበር አየችው፣ ቀጥላም ከጠረጴዛው በታች። «ልጅ ይዘዋል እንዴ?»

ልጅ እንዳልያዝኩ ስነግራት አዘነችልኝ። «የፍየል ጥብስ ልበልልዎት፤ ይሻልዎታል» አለች። በሌሎቹም ቤቶች መልሱ ከዚህ ብዙ አልራቀም። አንዱ ቤት ባለቤቱ ራሳቸው መጥተው ምን እንደጎደለብኝ ጠየቁኝ።

በመጨረሻ የመጣው የታወቀው ነው፦ አንድ እግር፣ አንድ እንቁላል፣ ዙሪያውን ቁሌቱ የበሰለ ቀይ ወጥ። ዙሪያዬን ስመለከት ሾፌሩም እግር፣ ነጋዴውም እግር፣ ጥግ ላይ የተቀመጡት ሁለት የመንግሥት ሠራተኞችም እግር። ከዚህ በኋላ ጥናቱ አቅጣጫ ለመቀየር ተገደደ። ዶሮ ሁለት እግር ካላት ሁለት ክንፍም አላት፤ በዚህ ላይ የይፋት ሰውም የቡፋሎ ሰውም ይስማማሉ። ታዲያ እግሩ ሁሉ በረንዳው ላይ ሲታይ ክንፉ የት ገባ?

መጀመሪያ የተጠረጠሩት ሾፌርና ረዳት ናቸው፤ ቤቱ ደንበኛ ስላመጡለት ሒሳብ እንደማይጠይቃቸው ይወራልና። ይህ መላምት ወዲያው ወደቀ። በነጻ የሚበላ ሰው ክንፍ አይበላም፤ ምርጡ የሚቀርበው ለእሱ ነው። ቀጥሎ ውሾቹ ተመረመሩ። የውሾቹ ጎድን ሲታይ ግን ከክስ ነጻ መሆናቸው ያለ ምስክር ታወቀ። በየቤቱ የሚቀርበው ሩዝ ላይ ተከትፎ ይሆናል የሚል ሐሳብም ቀርቦ ነበር፤ ሩዙ ተበልቶ ተጣርቷል።

የቀን መቁጠሪያውም ምርመራውን አላገዘውም። ረቡዕና ዓርብ መስቀል ያለበት ቤት ሽሮና አትክልት ነው፤ ክንፍ ፈላጊ ጨረቃ ወዳለበት ይሻገራል። ይህ የታወቀ መሸጋገሪያ በ2017 ዓ.ም. አልሠራም። ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን የካቲት 22 ገቡና፣ አንደኛው ቤት ጾም ነው ሲል ሌላው እስኪመሽ ዝግ ነው አለ። ያን ሰሞን ቀን ቀን በይፋት ቆላ ክንፍ የነበረው በሕይወት ባሉት ዶሮዎች ላይ ብቻ ነው። ዶሮዎቹ ጤናማ መስለው ታይተዋል።

መልሱ የተገኘው ጾሙ ካለፈ በኋላ፣ እጄን ልታጠብ ብዬ በጓዳ በኩል ስዞር ነው። መጋረጃው ገለጥ ብሎ ነበር። ወጥ የሚሠሩት ሴት ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ፊት ለፊታቸው የሾርባ ሳህን፣ ሳህኑ ላይ ተግጠው የተቆለሉ አጥንቶች። አጥንቶቹ ቀጫጭን፣ ጥንድ ጥንድ ናቸው። ቆዳው እንዳይቀር ተገፎ፣ ጫፉ ተቆርጦ፣ በሎሚና በጨው ውኃው እስኪጠራ የታጠበ፣ የታወቀው የክንፍ አጥንት።

«እትዬ፣ ክንፉን እርስዎ ነዎት የሚበሉት?»

አልደነገጡም። «ታዲያ ለሰው ላቅርበው? ብር ከፍሎ ለመጣ ሰው ክንፍ ይቀርባል? ነውር አይደለም እንዴ!»

የት ቤት ያለው ክንፍ እንደሚሻል ጠየቅኳቸው። በመንገዱ ላይ ያሉትን ቤቶች ሁሉ ያውቃሉ፤ በአብዛኛው ሠርተውባቸዋል። በየቤቱ ያለችውን ወጥ ሠሪ በስም ጠሩልኝ፤ አንዷ ቁሌቷን ሳታበስል ቅቤ እንደምትጨምር፣ ሌላዋ ሽንኩርቱን እንደምትቸኩልበት፣ የሦስተኛዋ እጅ ግን የተባረከ እንደሆነ ተረኩልኝ። ክንፍ ከድስት እንደወጣ፣ ቅመሙ አጥንቱ መጋጠሚያ ውስጥ እንደገባ ካልተበላ ምንም እንዳልሆነ፣ በረንዳ ድረስ ሲሄድ እንደሚሞት አስረዱኝ። ሥጋ ከደረት ይልቅ አጥንት ሥር እንደሚጥም፣ ይህንንም ወንዶች ፈረሰኛ ሲያኝኩ ኖረው ሳያውቁት እንደሚሞቱ ጨመሩበት። እንዲህ ያለ ሙሉ መረጃ በየትኛውም ቅጽ ላይ አልሰፈረም። ሲናገሩ ሳህኑ ላይ የቀረችውን አንዷን ክንፍ አነሡ። እኔም ጥናቱ ወደ ፍሬው ደረሰ ብዬ ቀረብ አልኩ።

ዘወር ብለው ለዕቃ አጣቢዋ ልጅ ሰጧት። ወደ አስተናጋጇም ተጣርተው «ለእሳቸው እግር ድገሚላቸው፤ እንግዳ ናቸው» አሉ።

ይህ ጥናት ከማንኛውም አካል የገንዘብ ድጋፍ አላገኘም። የሁለቱንም እግሮች ሒሳብ የከፈለው አጥኚው ነው።