ባለ ሦስት ፌዝ አዋጅ

ስማ፣ ያልሰማህ ስማ! የሰማህም ላልሰማው አሰማ! ኔትዎርክ ያለህ በቴሌግራም ስማ፤ የሌለህ ከጎረቤትህ ስማ፤ ከጎረቤትህ ጋር በቢል ምክንያት የተኳረፍህ ግቢው በር ላይ ተለጥፏልና ራስህ ሄደህ አንብብ!

የመብራትና የውኃ ቢላችን እስከ ዛሬ በገንዘብ ያዡ ደብተር፣ በእርሳስ፣ ከእሳቸው በቀር ማንም በማያነበው ጽሕፈት ሲሠራ የኖረ በመሆኑ፤

የመቱ ክረምት እንደምታውቁት ነውና ደብተሩ ረጥቦ ሐምሌና ነሐሴ እርስ በርስ ስለተጣበቁ፣ ሁለቱን ወራት የሚያላቅቅ ሽማግሌ በመጥፋቱ፤

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ሲባል ሰምተን ያጨበጨብን፣ ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮም ሰው በቴሌብር ከአልጋው ሳይነሣ ሲከፍል እያየን፣ እኛ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት በር እያንኳኳን ሳንቲም የምንለቅም በመሆናችን፤

ሜሪላንድ የሚኖረው የሰፈራችን ልጅ በስልክ እንዳስረዳን፣ እዚያ አገር የቤት ባለቤቶች ማኅበር ለመዋኛ ገንዳው፣ ለሣር ማጠጫውና ለመንገድ መብራቱ በየወሩ የሚመጣለትን የቢል ክምር ማሽን አንብቦ፣ ካለፈው ወር ጋር አመሳክሮ፣ የበዛበትን ለይቶ ስለሚከፍልለት፤ እኛም ገንዳ ባይኖረን፣ ሣራችንንም ሰማይ ሳንለምነው ቢያጠጣልን፣ አንድ የበር አምፖልና አንድ የግቢ ቧንቧ ያለን በመሆኑ፤

ስለ ጋራ ሕንጻ ቤት ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 እኛን ይመለከት አይመለከት እንደሆነ ገና ባይጣራም፣ ቁጥሩ ለአዋጃችን ግርማ የሚሰጥ ሆኖ ስለተገኘ፤

በመቱ ከተማ በአንድ ሰፈር የምንገኝ የቤት ባለቤቶች ማኅበር የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቆጣሪ ንባብን፣ የቢል ክፍፍልን፣ የውዝፍ አሰባሰብንና ከዚሁ ጋር የተያያዘ ኩርፊያን በማሽን ለማከናወን የወጣ አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ረጅሙ ርዕስ በኮሚቴ እየታየ ነው።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ «ሥርዓት» ማለት የጸሐፊያችን የእህት ልጅ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለዕረፍት መጥቶ የሠራው የቴሌግራም ቦት ነው። «ቆጣሪ» ማለት ስድስት ቤት የተንጠለጠለበት፣ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበ ሳጥን ነው፤ ባለ ስሙ ካረፉ ዓመታት ቢያልፉም ቢሉ እስከ ዛሬ በስማቸው ይመጣል፤ እኛም ሳናስተጓጉል እንከፍልላቸዋለን። «አባል» ማለት መዋጮ የከፈለ ሳይሆን ከቆጣሪው ሽቦ የሳበ ሁሉ ነው። በወንድ ፆታ የተገለጸው የሴትንም ያካትታል፤ ይሁንና ቢሉ ስንት እንደመጣ በትክክል የሚያውቁት ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በመቱ ይጸናል፤ በሁሩሙ፣ በያዮና በቡሬ ያሉ እህት ማኅበራትም ፈቃዳቸው ከሆነ ይገለብጡታል። ጎሬ በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር ሲወጡ የመንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ የነበረች፣ የጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማነትንም የቀመሰች በመሆኗ ከመቱ አዋጅ መቀበል ይከብዳታል፤ የራሷን ብታውጅ አንቀየምም። በደሌ ወደ ቡኖ በደሌ ዞን ስለሄደች ከወሰኑ ውጭ ናት፤ ቢራዋ ግን በጠቅላላ ጉባኤው ቀን ወሰኑ ውስጥ እንዲሆን ተወስኗል።

አንቀጽ 4። ከሰው ንክኪ ነጻ ስለመሆን

ሥርዓቱ ከሰው ንክኪ ፍጹም ነጻ ነው። ነጻነቱን ለማስከበርም የሚከተሉት ሰዎች ይመደባሉ። ቆጣሪው ከማድ ቤቱ ጀርባ ከቁመት በላይ ስለተሰቀለ መሰላል የሚይዝ አንድ ሰው፤ መስታወቱ በጭስ ስለጠቆረ ወጥቶ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል አንድ ሰው፤ በስልክ ፎቶ የሚያነሣ፤ ለዚህ ሰው ባትሪ የሚያበራለት፤ ቦቱ 8ን 3 ብሎ ሲያነብ «8 ነው» ብሎ የሚጽፍለት፤ «8 ነው» ያለው ሰው እውነቱን መሆኑን የሚያይ ታዛቢ፤ ታዛቢውም የማን ዘመድ እንደሆነ ስለሚታወቅ እሱን የሚታዘብ ሌላ ሰው።

ቀድሞ ይህን ሁሉ ገንዘብ ያዡ ብቻቸውን፣ ወደ ገበያ ሲወጡ ቀና ብለው አይተው ይጨርሱት ነበር። ያ ኋላ ቀር አሠራር ቀርቷል።

አንቀጽ 5። ስለ ክፍፍል

ቢል መክፈል አስቸግሮን አያውቅም። ያስቸገረን ማካፈል ነው።

አባላት ልብ እንዲሉ፣ የመብራት ታሪፍ በእርከን የሚሄድ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋም አብሮ ይወጣል። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል በወር ከ50 ኪሎ ዋት ሰዓት የማያልፍ ቤት በነበረበት 0.273 ብር እንዲቆይ የተደረገው አቅም የሌለውን ለመደገፍ ነበር። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ማሻሻያ ተጀምሯል። ይህ ሁሉ ስሌት የቆመው አንድ ቤት አንድ ቆጣሪ አለው በሚል ሐሳብ ላይ ነው። እኛ ስድስት ቤት ነን። እያንዳንዳችን ቆጥበን 40 ብንጠቀም ድምሩ 240 ይመጣል። ቆጣሪው ስድስት ድሃ አያይም፤ የሚያየው አንድ ሀብታም ነው። ለድሃ የታሰበው እርከን በራችን ድረስ መጥቶ፣ አንኳኩቶ፣ የሚከፍትለት አጥቶ ይመለሳል።

ሥርዓቱ ለዚህ መፍትሔ አለው ተብሎ ነበር፤ መፍትሔው ለስድስት እኩል ማካፈል ሆኖ ተገኘ። አንዱ ቤት አንድ አምፖልና አንድ ሬዲዮ ነው ያለው። ሌላው ቤት ሦስት ኪሎ ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለው። ሬዲዮ ያላቸው ኦቦ ጉዳዩን በጉባኤው ሲያነሡ ባለ ምጣዷ አዴ ተነሥተው፣ «ትኩሱን እንጀራ ስልክላችሁ ‹እጅሽ ይባረክ› ትሉኛላችሁ፤ ቢሉ ሲመጣ ምጣዱ የእኔ ብቻ ይሆናል?» አሉ። ጉባኤው ዝም አለ። ዝምታው የመጣው ከጥጋብ መሆኑ በቃለ ጉባኤ ተይዟል።

በዚህም መሠረት «ከጎረቤት የተበላ እንጀራ» የሚል ዓምድ በቦቱ ላይ ተጨምሮ ማንም አባል እየበላ በዕለቱ እንዲያስመዘግብ ታዝዟል። የመጀመሪያው ወር ሪፖርት ዜሮ ነው። በሰፈሩ እንጀራ የበላ አንድም ሰው የለም።

አንቀጽ 6። ያልተለመደ ፍጆታ

ቦቱ ከተለመደው የዘለለ ፍጆታ ሲያይ ማስጠንቀቂያ ይልካል። ሜሪላንድ ያለው ልጅ በጣም ያደነቀው ይህንን ነው፤ እዚያ አገር የተሰነጠቀ ቧንቧ የሚታወቀው፣ ሳያስፈልግ የሚበራ መብራት የሚያዘው በዚሁ ነው አለ። የእኛም ቦት ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር አንድ ነገር ያዘ። በአንድ ቤት ሦስት ሌሊት ሙሉ መብራት ስላልጠፋ የጋራው ቆጣሪ ከልማዱ በላይ ሮጠ። «ውድ አባላት፣ ፍጆታችሁ ከልክ በላይ ሆኗል፤ እባካችሁ ቆጥቡ» የሚለው መልእክት የደረሰው ድንኳኑ እየተነቀለ፣ ልጆቹ ወንበር እየመለሱ ሳለ ነበር። ለቅሶ ቤት ነበር።

ገንዘብ ያዡ ያን ቀን ደብተራቸውን አምጥተው አሳዩን። ከእያንዳንዱ ወር ትይዩ ኅዳጉ ላይ ነገር ተጽፏል። «ለቅሶ» ካለ የዚያ ቤት ፍጆታ ለሁሉም ይካፈላል። «አራስ» ካለ ግማሹ ይነሣል። ከሦስት ስሞች ጎን ደግሞ «እስከ ቡና» ይላል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ቡና ተለቅሞ እስኪሸጥ ድረስ አይጠየቁም፤ ሲሸጡ ደግሞ ሳይጠየቁ ያመጣሉ። ቦቱ ግን ወር በገባ በአምስተኛው ቀን ለሦስቱም ውዝፍና ቅጣት አስቦ ላከ። ቡና የሚባለውን ወር አያውቀውም።

ስለዚህ ተማሪው ለቦቱ ሦስት ቁልፍ እንዲጨምርለት ታዟል፦ «ለቅሶ»፣ «አራስ»፣ «እስከ ቡና»። ሠርግ አልተካተተም። ሠርግ ያለው ይክፈል።

አንቀጽ 7። ስለ ሶር

ከሶር ወንዝ ጋር ያለን ጉርብትና በታሪፉ ላይ አይታሰብም። ሶር 5 ሜጋ ዋት ለሚያመነጨው ጣቢያ ውኃውን ቢያቀብልም፣ ታሪፉ ለመቱም ለሞያሌም አንድ ነው። «ፏፏቴው የእኛ ነው» በሚል የዝምድና ቅናሽ የሚጠይቅ ማመልከቻ ለማንኛውም ጽሕፈት ቤት እንዳይጻፍ፣ የተጻፉትም እንዲመለሱ ታውጇል።

አንቀጽ 8። ስለ ውኃ

ከቦኖ በጀሪካን የሚቀዳ በቦታው ይከፍላልና ቦቱ አይመለከተውም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርድ የዝናብ ውኃም ቆጣሪ የለውም። ይህ የመጨረሻው ነጻ ነገር ስለሆነ ብዙ ባይወራበት ይመረጣል።

አንቀጽ 9። የዜሮ ሙከራ

ተማሪው ሥርዓቱን ለመፈተን ስድስቱም ቤቶች ለአንድ ሰዓት ሁሉን ነገር እንዲያጠፉ ጠየቀ። አጠፋን። የበሩ አምፖል ሳይቀር ጠፋ። ቆጣሪው ግን አልቆመም፤ ቀስ እያለ መቁጠሩን ቀጠለ። ደግመን አየን፣ ምጣዱ ከሶኬት ተነቅሏል፤ ሬዲዮውም ዝም ብሏል። ከዚያ በመሰላሉ ወጥተን ሽቦ መቁጠር ጀመርን። ስድስት መውጣት ነበረበት፤ ሰባት ወጣ። ሰባተኛው በአጥሩ ላይ ተሻግሮ፣ በባሕር ዛፉ ላይ ተጠምጥሞ፣ የሰብሳቢያችን አማች ፀጉር ቤት ገባ።

ሰብሳቢው ነገሩን እንደማንኛውም አባል አሁን መስማታቸው መሆኑን ለጉባኤው ገልጸዋል። የፀጉር ማድረቂያው ጉዳይ በሽማግሌ ተይዟል። ሰብሳቢው በዚያው ሳምንት ማሽን ብዙ ማመን ጥሩ አለመሆኑን ለአባላት ማስረዳት ጀምረዋል።

አንቀጽ 10። የተሻሩና የጸኑ

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም መመሪያ፣ ልማድና ይሉኝታ ተሽሯል። የገንዘብ ያዡ ደብተርም አብሮ ሊሻር ቀርቦ ነበር፤ ሆኖም እሳቸው መነጽራቸውን አውጥተው «እንግዲያውስ ከመሻሩ በፊት የየሰዉን ውዝፍ ላንብብ» ሲሉ ጉባኤው ደብተሩን በሙሉ ድምፅ አጽንቶታል።

አንቀጽ 11። ጥሪ

ቦቱ የተሰጠውን ቁጥር ይደምራል፣ ያካፍላል፣ ያስታውሳል። ያልተለየውን መለየት ግን አይችልም፤ በአንድ ሳጥን የታሰረ ስድስት ቤት ደብተርም ቢይዘው ማሽንም ቢይዘው ያጣላል። ስለዚህ የራሳችሁ ቆጣሪ የሌላችሁ አባላት በሙሉ የቤት ካርታና የመታወቂያ ቅጂ ይዛችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ማኅበሩ ቤት ኑ፤ ማመልከቻውን በአንድ ላይ እናስገባለን። የፀጉር ቤቱ ባለቤትም ቅጂያቸውን ይዘው እንዲመጡ በአክብሮት ተጋብዘዋል።